የቃቄ ወርድወት፤ ከጆካ ሸንጎ እስከ ቴአትር መድረክ

አረቅጥ በጉራጌ ደጋ የምትገኝ የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ብርድ የበዛበት ነው፤ እንሰት በየጓሮው ይተከላል፤ ገብስም ይዘራል። በጉራጌ መንደሮች መካከል ጀፎረ የሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ያልፋል፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ሆነው ደጃቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ጀፎረ መንገድ ብቻ አይደለም። ሠርግ የሚያልፍበት፣ ለቅሶ የሚቆምበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ሽማግሎችም ተቀምጠው ነገር የሚቈርጡበት ስፍራ ነው። በዚህ አገር አንዱ በሰው ፊት ቆሞ የሚናገርበት፣ ሌላውም ተቀምጦ የሚሰማበት ቦታ ከጥንት ጀምሮ ተለይቶ የቆየ ስለ ሆነ፣ መድረክ የሚባለው ነገር ለሕዝቡ ፈጽሞ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም።

በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከዚህ ሕዝብ ታሪክ የወጣች አንዲት ሴት በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቆመች። ተውኔቱ ‹‹የቃቄ ወርድወት›› ይባላል፤ ደራሲውም ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ዘፈንና ጭፈራ ከንግግር ጋር ተዋሕደው የቀረቡበት ሙዚቃዊ ተውኔት ሲሆን፣ ባለታሪኳ በደራሲ ሐሳብ የተፈጠረች ሳትሆን በ19ኛው መቶ ዓመት በሰባት ቤት ጉራጌ የኖረች ሴት ናት። እንዳለጌታ ከበደም ‹‹እምቢታ›› በተባለው ልብ ወለድ መጽሐፉ ስለዚህችው ሴት ጽፏል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በቃል ስትነገር የኖረች ሰው በአንድ ትውልድ ዕድሜ በመጽሐፍም በመድረክም ታየች ማለት ነው።

ስለ እውነተኛ ሰዎች ተውኔት መጻፍ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ከወርድወት በፊት ወደ መድረክ ከወጡት መካከል የሚበዙት ንጉሦችና ጳጳሳት፣ መሳፍንትና የጦር አለቆች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ በዜና መዋዕል፣ በደብዳቤ ወይም በውጭ አገር ሰዎች ማስታወሻ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ደራሲው የጨመረውንና ያጐደለውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የወርድወት መዝገብ ግን የሽማግሎችና የእናቶች ቃል ነው። በቃል ብቻ የኖረ ሰው ወደ መድረክ ሲወጣ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? ይህ ጥያቄ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የታሪክና የሕግ ጥያቄ ጭምር ነው።

፩. ሸንጎውና ሕጉ

የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ወደ ደቡብ ከመስፋፋቱ በፊት ሰባት ቤት ጉራጌ በአንድ ንጉሥ ሥር የሚተዳደር አልነበረም። ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ ጌቶ፣ እነሞር፣ ሙህርና ሌሎቹም ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለቆችና ሽማግሎች ነበሯቸው። በቤቶቹ መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ፣ ወይም ነገሩ በመንደርና በጎሣ ሸንጎ አልቈረጥ ባለ ጊዜ፣ የሁሉም ሽማግሎች የሚሰበሰቡበት የበላይ ሸንጎ ነበረ፤ እርሱም የጆካ ሸንጎ ይባላል። ሸንጎው የሚፈርድበት ልማዳዊ ሕግ ቂጫ ይባላል። በክስታኔ በኩል ደግሞ ይህን የመሰለው የሸንጎ ሥርዐት በጎርደና ስም ይታወቃል። የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ ከምኒልክ ጦር ጋር የተዋጋበትና በራስ ጎበና የተሸነፈበት ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. የ1880ዎቹ መጨረሻ ካለፈ በኋላ፣ አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ሥር ዋለ። የጆካ ሸንጎ ግን ሥልጣኑ ቢጠብም አልጠፋም።

ቂጫ ለብዙ ዘመን በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ አልነበረም። የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት በመጽሐፍ አሳትሞ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ የሚጠበቀው በሽማግሎች ትዝታ ነበር። በሽማግሌ አእምሮ የሚኖር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፋፍሎ አይቀመጥም፤ በነገር ይቀመጣል። ‹‹እገሌ እገሌን በከሰሰ ጊዜ እንዲህ ተባለ›› እየተባለ፣ የቀድሞው ፍርድ ለኋለኛው ምስክር ሆኖ ይጠራል። ስለዚህ በዚህ ሥርዐት ሕግን ማስታወስና ሰውን ማስታወስ አንድ ነገር ናቸው። ወርድወት ከሞተች በኋላ ስሟ ሳይጠፋ የቆየው በውበቷ ወይም በሀብቷ ምክንያት ሳይሆን፣ በሸንጎው ፊት ያቆመችው ነገር ምላሽ የሚፈልግ ነገር ስለ ነበረ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንቂት የሚባለውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ልማድ መሠረት ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ትዳሯን ትታ ብትሄድ፣ ባልየው በአንቂት ሊያስራት ይችላል። በአንቂት የታሰረች ሴት ባሏ ካልፈታት በቀር ሌላ ባል ልታገባ አይቻላትም፤ ብታገባ እርግማኑ በእርሷና በልጆቿ ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ይህ እስራት ሰንሰለትም ወህኒም የሌለው፣ በፍርሃት ብቻ የሚጠበቅ እስራት ነው። በአንጻሩ ግን ወንዱ በሚስት ላይ ሚስት እንዲጨምር ልማዱ ይፈቅድለት ነበር። አንዱ ወገን ሳይፈታ እንዲያገባ፣ ሌላው ወገን ሄዶም እንኳ እንዳያገባ የሚያደርግ ሚዛን ማለት ይህ ነው።

፪. የወርድወት አቤቱታ

ስሟ ‹‹የቃቄ›› ከሚለው ቃል ጋር አብሮ ይጠራል፤ የቃቄ ልጅ ወርድወት ማለት ነው። ትውፊቱ እንደሚያወሳው ወርድወት የሴቶችን በደል ይዛ ሴቶችን አስተባብራ ወደ ጆካ ሸንጎ ሄደች። የሸንጎው መቀመጫ በልማድ የወንዶች ነበረና፣ ሴት ራሷ ቆማ በሽማግሎች ፊት መከራከሯ ገና ነገሩ ሳይሰማ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። ያነሣቻቸው ነገሮች ጋብቻን የሚመለከቱ ናቸው፤ ሴት የምታገባውን ሰው እንድትመርጥ፣ ትዳሩ ካልሆናት እንድትለይ፣ ከተለየችም በአንቂት እንዳትታሰር የሚሉ ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚነገርላት ግን ወንድ ብዙ ሚስት ማግባት የሚፈቀድለት ከሆነ ለሴትም ብዙ ባል ማግባት ይፈቀድላት ማለቷ ነው።

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ወይም እንደ ድፍረት ይመለከተዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን የተራቀቀ የክርክር ዘዴ ሆኖ ይገኛል። ወርድወት ሽማግሎቹን ‹‹ሕጋችሁ ክፉ ነው›› ብላ ብቻ ብትከስስ ኖሮ፣ ‹‹የአባቶች ሥርዐት ነው›› ተብላ በቀላሉ ትመለስ ነበር። እርሷ ግን ሕጋቸውን እንደ ሆነ ተቀብላ፣ ያንኑ ለሁለቱም ወገን እኩል እንዲያደርጉት ጠየቀቻቸው። ሽማግሎቹ እንቢ ቢሉ ሕጉ ለአንድ ወገን ብቻ የቆመ መሆኑን በገዛ አፋቸው መመስከር ነው፤ እሺ ቢሉ ደግሞ የዘርና የርስት ሥርዐታቸው ይናጋል። በየትኛውም በኩል ቢመልሱ የሚጐዳ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይረሳ መቆየቱ አያስደንቅም።

ወርድወት ይህን ያደረገችው ብቻዋን ሆና አለመሆኑም መታወስ አለበት። በጉራጌ አገር ሴቶች በየራሳቸው የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነበራቸው። ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ደምዋሚት ስለምትባለው የሴቶች አምልኮ ጽፏል። ዎልፍ ሌስላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች ባሳተመው ጥናት፣ ምወየት የሚባሉት ልጃገረዶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ለሌላው የማይገባ ቋንቋ መዝግቧል። የራሳቸው ስብሰባና የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው ሴቶች በአንድ ቀን አንድ ቃል ይዘው ቢነሡ፣ ያ ቃል ከአንዲት ሴት ብልሃት ብቻ የፈለቀ ነው ተብሎ ሊገመት አይገባም።

የነገሩን ፍጻሜ በተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ነው። አንቂት ከወርድወት በኋላም ኖሯል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ውስጥም የጉራጌ ሴቶችን ሲያስር ቆይቷል። ይህም አቤቱታው ከንቱ ሆኖ ቀረ ማለት አይደለም፤ በአንድ ስብሰባ ተቈርጦ የሚያልቅ አልነበረም ማለት እንጂ። ወርድወትን ወደ መድረክ የሚያወጣ ደራሲ ሁሉ ከፊቱ የሚያገኘው ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው። ተውኔት መጨረሻ ይፈልጋል፤ የወርድወት ነገር ግን በሞተችበት ቀን አላለቀም።

፫. እውነተኛ ሰዎች በኢትዮጵያ መድረክ

ከዚህ በኋላ የመድረኩን ታሪክ ባጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። በጽሑፍ ከታወቁት የአማርኛ ተውኔቶች የመጀመሪያው በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹‹ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ›› ነው። በዚያ ተውኔት የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። ሰውን በስሙ ጠርቶ መውቀስ በማይቻልበት ዘመን አውሬ የሰውን ሥራ ተናገረ፤ ያም ሆኖ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ‹‹ቴዎድሮስ›› የተባለውን ታሪካዊ ድራማ አሳተመ። አባት በአውሬ ስም ያናገረውን መድረክ፣ ልጅ በእውነተኛ ንጉሥ ስም አናገረው። በሁለቱ መካከል ያለፈው ዘመን ሠላሳ ዓመት እንኳ አይሞላም።

በዚያው ዘመን ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን ‹‹የደም ድምፅ›› በተባለው ድርሰታቸው አሰቡ። ከዚያም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የእርሳቸው ‹‹ዳዊትና ኦርዮን›› ለበዓሉ ታየ። ከበደ ሚካኤል ‹‹አኒባል››ንና ‹‹ካሌብ››ን ጻፉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ‹‹ቴዎድሮስ››ን፣ በአማርኛ ደግሞ ‹‹ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት››ን ደረሰ። ከዚህ በኋላ በመጣው ትውልድ ጌትነት እንየው ‹‹እቴጌ ጣይቱ››ንና ‹‹የቴዎድሮስ ራእይ››ን ለመድረክ አበቃ።

ከእነዚህ መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ለያዝነው ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ በነገሡት ዘመን መልካም ስም አልነበራቸውም፤ ዘውድ በኃይል የወሰዱና በመጨረሻ የጨከኑ ንጉሥ ተብለው ይወሱ ነበር። የግርማቸው ድራማ ግን ንጉሡን የአንድነት ሐሳብ ያላቸው፣ በጊዜያቸው ያልተረዱ ሰው አድርጎ አቀረባቸው። ቀጥሎም የብርሃኑ ዘሪሁንና የአቤ ጉበኛ ልብ ወለዶች፣ የጸጋዬም ተውኔት ይህንኑ መልክ አጠነከሩት። ዛሬ ተራው ሰው በልቡ የሚያውቃቸው ቴዎድሮስ የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ቴዎድሮስ አይደሉም፤ የደራሲዎቹ ቴዎድሮስ ናቸው። ሆኖም ዜና መዋዕሎቹ፣ የደብተራ ዘነብም፣ የአለቃ ወልደ ማርያምም፣ ስለሚገኙ ተማሪው ገልጦ ማስተያየት ይችላል። መድረኩ ቢያሸንፍም መዝገቡ አልጠፋም።

እቴጌ ጣይቱም ሴት ቢሆኑ የቤተ መንግሥት ሴት ናቸው፤ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ያወሳቸዋል፤ የውጭ አገር መልእክተኞችም ጽፈውላቸዋል። ወርድወት ግን ቤተ መንግሥትም ጸሐፊም አልነበራትም። ስለዚህ በቴዎድሮስ ላይ የደረሰው ነገር በወርድወት ላይ ቢደርስ፣ ይኸውም መድረኩ ትውፊቱን ቢያሸንፍ፣ ገልጦ የሚያስተያየው መጽሐፍ አይገኝም።

፬. የሌላ አገር ምሳሌ

በሌላውም ዓለም ቢሆን እውነተኛ ሰዎችን በመድረክ ማሳየት እንደ ድራማ ያረጀ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት የግሪክ ትራጄዲዎች ቀዳሚው የሆነው የኤስኪሎስ ‹‹ፋርሶች›› ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ዓመት ሲታይ፣ በውስጡ የሚወሳው ንጉሥ ኤክስርክሲስ ገና በሕይወት ነበረ። በቅርብ ዘመንም በሙዚቃዊ ተውኔት በኩል እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን የታየው ‹‹ኤቪታ›› ስለ አርጀንቲናዋ ኢቫ ፔሮን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኒውዮርክ የታየው ‹‹ሃሚልተን›› ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት መሥራቾች ስለ አንዱ የተሠሩ ናቸው። ‹‹ሃሚልተን›› ሮን ቸርኖው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ሰፊ የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለወርድወት የምትቀርበው ምሳሌ ግን ፈረንሳዊቷ ዣን ዳርክ ናት። ሁለቱም የገጠር ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በወንዶች ጉባኤ ፊት ቆመው ተከራክረዋል። ዣን እ.ኤ.አ. በ1431 በሩዋን ከተማ ተፈርዶባት ተቃጠለች። የፍርዱ ቤት ጸሐፊዎች ጥያቄውንና መልሷን መዝግበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1456 ፍርዱ ሲሻርም የምስክሮች ቃል ተጽፏል። ጀርመናዊው ሺለር እ.ኤ.አ. በ1801 ስለ እርሷ በጻፈው ተውኔት ዣን በእሳት ሳይሆን በጦር ሜዳ እንድትሞት አደረገ። በርናርድ ሾው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 በታየው ተውኔቱ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ተመልሶ፣ ፈራጆቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ ሳይሆን ሕጋቸውን በቅንነት ስለ ተከተሉ እንዳቃጠሏት አድርጎ አቀረበ። ሺለር ፍጻሜውን ሲለውጥ ታሪክ አልተጐዳም፤ መዝገቡ በሩዋን ጸሐፊዎች እጅ ተጠብቆ ነበርና ሾው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሊመለስበት ቻለ።

የወርድወት መዝገብ በሩዋን ጸሐፊ ምትክ በሙህር፣ በእዣ፣ በቸሃና በጉመር ምድጃ ዳር ነው ያለው። የሺለርን የመሰለ ነጻነት የሚወስድ ደራሲ ቢነሣ፣ ኋላ የሚመጣው ሾው የሚመለስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከሾው ሥራ የሚገኘው ሁለተኛው ትምህርትም ይኸው ነው፤ የጆካ ሽማግሎች እንደ ሞኝ ወይም እንደ ጨካኝ ከቀረቡ የወርድወት ጥያቄ ክብደቱን ያጣል። ከሞኝ ጋር ተከራክሮ መርታት ታሪክ አይባልም። ሽማግሎቹ አገሩን ከደም የሚጠብቁ፣ ነገር አዋቂዎች፣ በሕጋቸው የሚያምኑ ሰዎች ሆነው ሲቀርቡ ነው ተመልካቹ ሕጉ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ የሚገነዘበው።

፭. ዘፈኑና ቋንቋው

የወርድወት ታሪክ በሙዚቃዊ ተውኔት መልክ መቅረቡ ለጌጥ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የጉራጌ ዘፈን በአውራጅና በተቀባይ የቆመ ነው፤ አንዱ ያወርዳል፣ ብዙዎቹ በእጃቸው እያጨበጨቡ ይቀበላሉ፤ ተቀባይ የሌለው አውራጅ ዘፈኑን ሊያቆመው አይችልም። በንግግር ብቻ የሚሄድ ተውኔት ግን በጠባዩ አንድ ጀግና ይፈልጋል፤ ጀግናዋን ከሕዝቡ ነጥሎ በመብራት መካከል ያቆማታል። በዚህ መንገድ ብቻ ቢሄድ ወርድወት እንደ ንጉሦቹ ሁሉ ብቸኛ ሰው ትሆናለች፤ አብረዋት የተነሡት ሴቶች ደግሞ ከታሪኩ ይወጣሉ። ዘፈኑ ሲገባ ግን ተቀባዮቹ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሙዚቃዊው ቅርጽ ለነገሩ እውነት ከንግግሩ ይልቅ የሚቀርብበት ጊዜ አለ ማለት ይቻላል።

ቋንቋው ግን ሌላ ችግር ያመጣል። ወርድወት የተከራከረችው በጉራጌኛ ነው፤ ተውኔቱ በብሔራዊ ቴአትር የተሰማው በአማርኛ ነው። አንድን ታሪክ ለአገሩ ሁሉ ለማሰማት ይህ ግድ ይሆናል። ሆኖም ቂጫ ‹‹ሕግ›› ተብሎ ሲተረጐም የአባቶች ቃል የሆነው ነገር ይቀልላል፤ አንቂት ‹‹እርግማን›› ተብሎ ሲተረጐም ደግሞ የሕግነት ጠባዩ ይጠፋል። አንቂት እርግማን ብቻ ቢሆን ኖሮ ወርድወት ወደ ጠንቋይ ቤት ትሄድ ነበር እንጂ ወደ ሸንጎ አትሄድም ነበር። እንዲህ ያሉት ቃላት ሳይተረጐሙ በቁማቸው ቢነገሩና ትርጕማቸው ከነገሩ አካሄድ እንዲገባ ቢደረግ፣ ተመልካቹ ያንን ሕግ እንደ ሕግ ሊሰማው ይችላል። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ክፍል ያሳተመው የጉራጌ ቋንቋዎች የቃላት ምንጭ መዝገበ ቃላት ለእንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ መሣሪያ ነው።

፮. ከመድረክ ወደ ምድጃ

ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብዙ ጉራጌ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ኖሯል። የሄደውም በመስቀል ወደ አገሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ በአረቅጥና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ቤቱ ይሞላል፤ ክትፎና ቆጮ ይቀርባል፤ የከተማው ወሬም ከእንግዶቹ ጋር አብሮ ይገባል። በብሔራዊ ቴአትር የታየችው ወርድወት ወደ አገሯ የምትመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። ተውኔቱን ያየው ወጣት በምድጃው ዳር ያየውን ሲያወራ፣ አያቱ ‹‹እኛ የሰማነው እንዲህ አይደለም›› ብትል፣ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ክርክር ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። አያቲቱ ዝም ብትል ግን አንድ መዝገብ ተዘጋ ማለት ነው፤ የታተመና በመብራት የታየ ነገር ደግሞ በቃል ከሚነገረው ይልቅ የሚታመንበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ዝም ማለቷ አይቀርም።

ነገሩ የታሪክ ሰዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ልማዳዊ ሕጎችን ሽሯል፤ በአንዲት ሚስት ላይ ሌላ ማግባትንም ከልክሏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛውና በ35ኛው አንቀጽ ሴትና ወንድ በጋብቻ፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሴቶችን የሚጐዱ ልማዶችንም ይከለክላል። በሌላ በኩል በ34ኛው አንቀጽ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ የግልና የቤተ ሰብ ነገራቸው በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። እንግዲህ የወርድወት ጥያቄ እዚህ ላይ እንደገና ይነሣል። በእርግማን ፍርሃት የተያዘች ሴት በሽማግሎች ፊት ‹‹ፈቅጃለሁ›› ስትል ፈቃዷ እውነተኛ ፈቃድ ነውን? ጽሑፉ ሕግ ይህን ጥያቄ ብቻውን አይመልሰውም፤ አንቂት በወረቀት ላይ ያልነበረ እስራት ስለ ሆነ፣ ወረቀትም ብቻውን አይፈታውም። አንቂት በልብ የሚኖር ነውና የሚፈታውም ልብን የሚደርስ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ተውኔት ከአዋጅ የማያንስ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የታተመው ቂጫ ከሳሽ የለውም፤ መድረኩ ግን ከሳሽዋን በአካል አቁሞ ድምፅዋን ያሰማል።

እንግዲህ ተውኔቱ ያመጣው ጥቅም ግልጽ ነው፤ በሰባት ቤት ወሰን ውስጥ ትታወቅ የነበረችውን ሴት በንጉሦችና በጳጳሳት ተርታ ለአገሩ ሁሉ አሳወቃት። ሊያመጣ የሚችለው ጉዳትም ግልጽ ነው፤ በልዩ ልዩ ቤት ይነገር የነበረውን ታሪክ አንድ መልክ፣ አንድ ድምፅና አንድ ፍጻሜ ብቻ ሊያስይዘው ይችላል። ጉዳቱን ለማስቀረት ደራሲውን መከልከል ወይም መውቀስ አያስፈልግም። ደራሲ የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ የቀረው የተማሪዎች ሥራ ነው።

ይህም ሥራ ከባድ አይደለም። ዊልያም ሻክና ሀብተ ማርያም ማርቆስ የጉራጌን የአማልክትና የጀግኖች ትውፊት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳተሙት ሁሉ፣ የወርድወትም ነገር በየቤቱ ቋንቋ፣ የተናጋሪው ቤትና የተነገረበት ቦታ ዓመተ ምሕረቱም ጭምር እየተጻፈ ሊሰበሰብ ይገባል። ሲሰበሰብም አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር እንደ ስሕተት ተቈጥሮ መታረም የለበትም፤ ሙህር አንድ ነገር ቢል፣ ጉመርም ሌላ ቢል፣ ልዩነቱ ራሱ እያንዳንዱ ቤት ከዚያ ክርክር ምን እንደ ያዘ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ከሁሉም በላይ ሽማግሎቹ ብቻ ሳይሆኑ እናቶችም መጠየቅ አለባቸው። የሸንጎ ነገር ሲሆን ወንድ ሽማግሌ ብቻ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የወርድወትን ክርክር ከተከሳሾቹ ወገን ብቻ ሰምቶ መጻፍ ግን እርሷ በጆካ ቆማ የከሰሰችውን በደል በወረቀት ላይ መድገም ይሆናል። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በጉራጌ ዞን፣ በአረቅጥም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች የተማሩ የአገሩ ልጆች አሉ፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ አያቶቻቸውም ያምኗቸዋል።

የሩዋን ጸሐፊዎች ዣን ዳርክን ሊኰንኗት ብለው ቃሏን ጻፉ፤ የጻፉት ግን ለእርሷ መከራከሪያ ሆነ። የጆካ ሽማግሎች ደግሞ የወርድወትን ክርክር ባይጽፉትም አልረሱትም፤ ለልጆቻቸው አወረሱት። ሕጋቸውን ያስጨነቀውን ጥያቄ ከሕጋቸው ጋር አብረው ማስረከባቸው ለሸንጎው ክብር ነው። ይህን አደራ ከምድጃ ዳር ተቀብሎ ወደ መዝገብ ማስገባት የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው፤ ያን ጊዜ መድረኩም ሊሳሳት ነጻነት ያገኛል፤ ወርድወትም በስንት ተውኔት ብትቀርብ የራሷን ቃል አታጣም።